«ቤቶች!» ሳትል የገባችው ጀልባ

የአባቴን ጀልባ ዓይን ሳያያት ጆሮ ነው የሚቀበላት። «ሲጢጥ… ቋ! ሲጢጥ… ቋ!» እያለች ከሩቅ ትመጣለች። መቅዘፊያዎቹ የታሰሩበት ብረት ከተሠራ ጀምሮ ግራሶ ቀምሶ አያውቅም። ስንቴ እንደለመንኩት እኔ ነኝ የማውቀው። «አባዬ፣ በናትህ ትንሽ ግራሶ ቀባው፤ ሰው እኮ ጆሮውን ይዞ ነው የሚሳፈረው» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ እንደ ሞኝ እያየኝ፣ «ካልጮኸ መምጣቴን ማን ያውቃል?» ይለኛል። ዳር ሊደርስ ሲል ደግሞ ይብስበታል። መቅዘፊያውን ያቆምና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰው ደጃፍ ላይ የቆመ ይመስል «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ቤት የለ፣ አጥር የለ! ያሉት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ግን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «ይግቡ፣ ይግቡ!» ይሉታል።

ውሃው ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ለመስኖ የተገደበ ነው። ሐይቅ የሚሉት ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የሚመጡት ናቸው። እኛ «ባሕሩ» ነው የምንለው፤ ምን ይደረግ፣ ሌላ ባሕር የለንም። እኔ የአራት ዓመት ልጅ እያለሁ ውሃው ሲተኛ እርሻችንንና ቤታችንን ይዞ ነው የተኛው። ምትክ ተብሎ የተሰጠን ዳገት ላይ ያለ ድንጋያም መሬት ነበር። ሌላው ሰው አለቀሰ፣ አመለከተ፣ ወደ ከተማ ገባ። አባቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጀልባ ሠራ! እናቴ «ይሄ ሰውዬ ለየለት» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ማውራቷን እስከ ዛሬ እየሳቀች ትናገራለች። እሱ ግን «መሬቴን የማይበት ነው» አለ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ «ኦቦ ጀልባ»፣ አቶ ጀልባ እንደ ማለት፣ ይለው ጀመር።

በአዘቦት ቀን ማዶ ሱቅ ላላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ስኳርና ሳሙና ያሻግራል። ሰውዬውን ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው፤ ውሃው ሳይመጣ በፊት ጎረቤታችን ነበሩ። እሑድ እሑድ ደግሞ ዳቦና ብርቱካን የያዙ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ ይመጡለታል። ጀልባዋ ጣራ የላትም፣ ትራስ የላትም፣ አንድ የተነደለ ጣሳ ውሃ መጥለቂያ አላት። ለእንግዶቹ የሚያወራላቸው ስለ ወፍና ስለ ተራራ እንዳይመስላችሁ። «አሁን ጤፉ ላይ ነን» ይላቸዋል። «ይሄ ባቄላው ነው። እዚህ ጋ እግራችሁን አንሱ፣ የእሾህ አጥር ነበር።» እግራቸውን ያነሳሉ! መድኃኔዓለምን፣ ከነመነጽሩ፣ ከነክራቫቱ እግሩን ያነሳ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ይሄ የማወራችሁ ነገር የሆነ ጊዜ ሰበታ ሦስት ዓመት ሆቴልና ቱሪዝም ተምሬ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ የተመለስኩ ሰሞን ነበር። በእኛ በኩል ያለው ዳር ላይ አንድ ባለሀብት መዝናኛ ከፍቶ ቀጠረኝ። ኮፍያ ሰጠኝ፣ መነጽር ሰጠኝ፣ የመንገድ ሠራተኛ የሚለብሰው ዓይነት ቢጫ ሰደርያ ሰጠኝ። እኔም ሰው ሆንኩ ብዬ አመንኩ። ከዚያ አንድ ቀን በአይሱዙ ተጭና ያቺ ነጭ ጀልባ መጣች።

«ኤሌክትሪክ ናት» አለን የመዝናኛው ባለቤት። «ድምፅ የላትም። ባትሪው ቢያልቅባት ደግሞ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አላት። ሃይብሪድ ናት።»

አባቴ ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። «ሃይብሪድ?» አለ። «ከሆለታ እንደሚያመጧቸው ላሞች? እነሱስ ወተት ይሰጣሉ፤ ይቺ ምን ትሰጣለች?»

«ጸጥታ» አለው ባለቤቱ፣ ኮራ ብሎ።

«ጸጥታማ ዘንድሮ ጠፍቷል፣ እውነትህን ነው» አለ አባቴ።

አልዋሽም፣ ደስ የምትል ጀልባ ነበረች። ስትሄድ የምትሰማው ውሃው ጎኗን ሲነካው ብቻ ነው። ወፎቹ እንኳ ሳይነሱ አጠገባቸው ትደርሳለህ። ከአባቴ ጀልባ ወርጄ እሷ ላይ ስቀመጥ ከገበያ ወጥቼ ቤተክርስቲያን የገባሁ ነበር የሚመስለኝ። ችግሩ ሌላ ነው። አበሻ ሚስጥሩን የሚያወራው ጫጫታ ተገን አድርጎ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ባል ሚስቱን በሹክሹክታ ቢቆጣ፣ ማዶ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች «ተይው እህቴ፣ ሁሉም ያው ናቸው!» ብለው ይመልሱላታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሳይታወቅ መድረሷ ነው። አንድ ረፋድ ገላቸውን የሚታጠቡ ሴቶች መሐል ዘው ብለን ገባን። ጩኸቱ አይነሳ! ከደብረ ዘይት የመጣው ነጂያችን፣ እኛ «ካፒቴን» የምንለው፣ ግንባሩ ላይ አንድ ሙሉ የልብስ ሳሙና አረፈበት። እሱ ደግሞ ሳሙናውን አንስቶ «እናመሰግናለን» ብሎ ቁጭ አለ።

ባለቤቱ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። አንድ ቀን ቢሮ ጠራኝና፣ «አንድ መሳፈሪያ፣ አንድ ጀልባ» አለኝ። «እንግዳ በሲጢጥታ አይዝናናም። አባትሽ መሳፈሪያውን በፈቃዱ ለቅቄያለሁ ብሎ ይፈርም፤ በር ላይ በጥበቃ እቀጥረዋለሁ። ካልሆነ ግን አንቺንም…» አለና ተወው። መጨረስ አላስፈለገውም።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በዚያ መምህራኖቼ በሚያደንቁት ጽሕፈቴ፦ «ቦታዬን ወድጄና ፈቅጄ ለቅቄያለሁ።» ሁለት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። ማታ ቤት ስገባ አወጣዋለሁ፣ አባቴ «እንዴት ዋልሽ?» ሲለኝ መልሼ እከተዋለሁ። አባቴ ከዚያች ጀልባ ሌላ ምን አለው? ድንጋዩ ምንም አያበቅልም። እኔ ደግሞ ከዚያ ሥራ ሌላ ምን አለኝ? ዲፕሎማዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝንብ እያረፈበት ነው። አንድ የጥር እሑድ ጠዋት ግን ጨከንኩና አነበብኩለት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ይሄን ካላደረግሁ ሥራሽን ታጫለሽ?» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን የእስክሪብቶ ቀለም ቀባሁለት፤ እሱም ጫን አደረገው። ከዚያ ጣቱን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ «የዛሬን ግን ልቅዘፍባት?» ብሎ ጠየቀኝ። አስቡት፣ እኔን ጠየቀኝ! እኔም ደግ ሆኜ ፈቀድኩለት። ወረቀቱን ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነበር። አዲስ አበባ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው ተብሎ አገር ታምሶ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ሰው ይሞታል። በሟቾቹ አልቀልድም፤ የእናታቸውን ለቅሶ ሰምቻለሁ። ግን ፍርሃት ሰውን አንዳንዴ ያስቃል። በዚያ ሰሞን ሜትር ይዞ የታየ ሰው ወዮለት። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶት ገበያ ቢወጣ፣ እስከ ቤቱ ድረስ ሮጦ ነው ያመለጠው። ባለ ሦስት እግር ነገር ያቆመ ሰው ከታየማ ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎ ይወጣል፤ መሬት የሚለኩት ሰዎች መሣሪያቸውን የሚያቆሙት በሦስት እግር ነዋ።

ይህን ሁሉ እያወቅን ያደረግነውን ስሙኝማ።

በዚያ እሑድ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ መጡልን። ሙሽራው ከሰበታ፣ ሙሽሪት ከቡራዩ፣ መንገዱ ሳይዘጋ በጠዋት የገቡ ናቸው። ባለቤቱ ደስታው ልክ አልነበረውም። በጥር ውሃው ስለሚቀንስ፣ ጀልባችን የሆነ ነገር እንዳትነካ እየሄድን ጥልቀቱን እየለካን እንድንመዘግብ አዘዘን። እያንዳንዷን ጉቶ በስሟ የሚያውቅ አባት ነበረኝ እኮ! ግን ጠዋት ያንን አድርጌው በምን ዓይኔ ልጠይቀው? ስለዚህ ካፒቴኑ በአንድ እጁ እየነዳ፣ በሌላው ሜትር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ውሃው ውስጥ እየከተተ ይጮኻል፦ «ሁለት ሜትር! አንድ ከሰባ!» እኔ ቢጫ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ጥቁር መነጽሬን አድርጌ እጽፋለሁ። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊት ባለ ሦስት እግሩን ዘርግቶ ካሜራውን ወደ ማዶ አነጣጥሯል። ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ከኋላ፣ ጥላው ሥር፣ ከዳር የማይታዩበት ቦታ ተቀምጠዋል። እንዲህ ሆነን፣ ኮሽ ሳንል፣ ማዶ ዳር ደረስን።

ዳሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ መንገድ ስለተዘጋ ሁሉም ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ወሬ ሲያወራ ነው የዋለው። አንዷ ሴት ቀና ብላ አየችን። መጀመሪያ ባለ ሦስት እግሩን፣ ቀጥላ ዘንጉን፣ ከዚያ እኔን።

«ማስተር ፕላን ዱፌ!» ብላ ጮኸች። «መጣ! ኧረ መጣ! በውሃ መጣ!»

«ውሃውንም ሊለኩት ነው!»

ዱላ የያዘው ዱላውን፣ ዣንጥላ የያዘው ዣንጥላውን ይዞ ወደ ውሃው ተንደረደረ። አንድ ጭብጥ ጭቃ መጥቶ ሰደርያዬ ላይ ልጥፍ አለ። ካፒቴኑ ደንግጦ መሪውን ጠመዘዘ፤ ጀልባችን ከሥር «ጓ!» አለችና ቆመች። ባትሪው መብራት ጠፍቶ ስላደረ ግማሹ እንኳ አልሞላም ነበር። ቤንዚን እንዳንል መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ቤንዚን የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም። «ሁለቱም አለቀ» አለኝ ካፒቴኑ፣ ኮፍያውን አውልቆ። ሙሽሪት ከኋላ ማልቀስ ጀመረች።

ከዳሩ ሃያ እርምጃ ያህል ነው የቆምነው። ሦስት ጎልማሶች ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገቡና ከበቡን። «ወረቀቱን!» አለኝ አንደኛው። ፈርቼ ነበር። ግን ስፈራ የመቆጣት አመል አለብኝ። መነጽሬን ሳላወልቅ ብድግ ብዬ ቆምኩና፣ «እንካ! ውሰደውና አንብበው!» አልኩት። «የውሃ ጥልቀት ነው! የማንንም ቦታ ልቀማ አልመጣሁም፤ አንድ ሰው ቦታዬን ወሰደችብኝ ካለ ይኸው፣ ምላሴ ይቆረጥ!» ደብተሩን ወረወርኩለት።

ደብተሩ ሐጂ ጋ ደረሰ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ሁለት ሜትር፣ አንድ ከሰባ… እውነቷን ነው፣ ውሃ ነው» አሉ። ሰዉ ትንፋሹን ለቀቀ። እኔም አገጬን ቀና አደረግሁ። በዚህ መሐል ከደብተሩ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ።

እጄን ዘረጋሁ፤ ሃያ እርምጃ ግን በእጅ አይደረስም።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አነሱት። ዘርግተው፣ በዚያ ጥርት ባለ የሱቅ ድምፃቸው ለሁሉም አነበቡት፦ «ቦታዬን ወድጄና ፈቅጄ ለቅቄያለሁ።» ከዚያ ከታች ያለውን ስም ለራሳቸው አነበቡ። አሻራውን አዩት። ወደ እኔ ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «ይሄ የኦቦ ጀልባ ስም አይደለም እንዴ?» አሉ።

ያቺ ባለቤቱ የሚኮራባት ጸጥታ በመጨረሻ መጣች። ላስተባብል አፌን ከፈትኩ። ቅድም «ምላሴ ይቆረጥ» ያልኩት ትዝ አለኝና አፌን ገጠምኩት።

ከዚያ ከሩቅ ተሰማ። «ሲጢጥ… ቋ! ሲጢጥ… ቋ!» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያንን ድምፅ ወድጄው አላውቅም። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ መቆማችንን ከወዲያ ዳር አይቶ ኖሯል፤ ላብ በላብ ሆኖ እየቀዘፈ ነው። እየቸኮለ እንኳ ልማዱን አልተወም። ጥቂት ሲቀረው መቅዘፊያውን አቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቤቶች! አካም ጂርቱ?»

«ናጋ!» አለው ሰዉ፣ ዱላውን እንደያዘ።

ሐጂ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩት። «አሻራው ያንተ ነው?» አሉት። «እነዚህ ሰዎች ቦታህን ወሰዱብህ?»

አባቴ መጀመሪያ እኔን አየኝ። መነጽሬን አወለቅሁ፤ ዓይኔ ቀልቶ ነበር። «አሻራው የኔ ነው» አለ። «ኢንተላ ኮቲ፣ ልጄ ናት። እኔን ማንም አልወሰደብኝም፤ ውሃው ሲወስድ አልጠየቀኝም፣ እሷ ግን ጠይቃኛለች። ለልጄ ነው የሰጠሁት።»

አንዲት ሴት «ኧረ ወይኔ!» አለች፣ ቀስ ብላ። ጭቃ የወረወረብኝ ሰውዬ ዓይኑን ወደ ውሃው ጣለ። እኔ ምነው ሌላ ጭቃ በጨመረብኝ አልኩ፤ ሐቁን ለመናገር ጭቃው ያኔ ነበር የሚገባኝ።

አባቴ ግን ሰው ሲያዝን ማየት አይወድም። ጀልባዋን አስጠግቶ የቆምንበትን በመቅዘፊያው መታ መታ አደረገና ወደ ካፒቴኑ ዞረ። «የኔ ልጅ፣» አለው፣ «ይሄ እኮ ድሮ ቤታችን ነው። አሁን የቆምከው የጓዳው ግድግዳ ላይ ነው። ሳሎኑ ያን ያህል ሰፊ እያለልህ በቀጥታ ጓዳ ትገባለህ? ደግሞስ ሰው ቤት ‹ቤቶች› ሳይባል ይገባል?»

ካፒቴኑ ደንግጦ «ይቅርታ፣ ቤቶች!» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሐጂ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። በሳቁ መሐል ሙሽሪት ከጥላው ሥር ነጭ በነጭ ሆና ብቅ ስትል፣ ቅድም «ማስተር ፕላን» ብላ የጮኸችው ሴት ናት እልልታውን ያቀለጠችው። ዱላ የያዙት ጎልማሶች ቬሎዋ ውሃ እንዳይነካው ይዘው ወደ አባቴ ጀልባ አሻገሯት። ቪዲዮ ቀራጩ ባለ ሦስት እግሩን ደብቆ ካሜራውን በእጁ ይዞ ቀረጸ። የዚያ ሠርግ ፎቶ ላይ ሁሉ ያቺ ሲጢጥ ባይ ጀልባ ናት ያለችው። መንገዱ እስኪከፈት ሐጂ ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ቪዲዮ ቀራጩንና ካፒቴኑን ቤታቸው አስገብተው አስተናገዷቸው።

ሐጂ ወረቀቱን ለአባቴ ሰጡት። አባቴም አጥፎ ለእኔ መለሰልኝ። «ለአለቃሽ ስጪው» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ብቻችንን ተመለስን። ባዶዋ ነጭ ጀልባ ግድግዳችን ላይ ጋደል ብላ ቆማለች። አጠገቧ ስንደርስ ወረቀቱን አወጣሁና ቀደድኩት። ሁለት ቦታ፣ አራት ቦታ፣ ስምንት ቦታ። ሥራዬን እንደማጣ አውቄያለሁ፤ በማግሥቱም አጣሁት። ቁርጥራጩን ልክ እንደ ፊልም ተዋናይ ወደ ላይ በተንኩት፤ ውሃው ላይ ተበተነ።

አባቴ መቅዘፊያውን አቆመ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነገም ትቀዝፋለህ፣ አባዬ።» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። «እሱስ እሺ፣ ይሁን» አለ። «ግን ቤት ውስጥ ወረቀት ይጣላል እንዴ? እዚህ ጋ እኮ ነው የተወለድሽው። ስንት ቀን የተጠረገ ወለል ነው! በይ ልቀሚ!»

ቢጫ ሰደርያዬን እንደለበስኩ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ በሆዴ ተኛሁና እያንዳንዷን ቁራጭ ከውሃው ላይ ለቀምኩ። አንዷ አውራ ጣቱ ያለባት ነበረች፤ እሷን ለብቻ ኪሴ ከተትኳት። እሱ «ያቻትልሽ፣ ምድጃው ጋ አንድ ቀርታለች» እያለ፣ እስክጨርስ ድረስ ጀልባዋን ይዞልኝ ቆየ።